የአቶ ገብረእዝጊ ዱቄት

ዮሃና ክቧን የላስቲክ ሳህን ከማሞቂያው ሳጥን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ያየችው ነገር ሊያስጨፍራት ሲገባ አስጠረጠራት።

የሳህኗ ነገር ለማንም የሚገባ ነው። ውስጧ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ የረጋ የባክቴሪያ ምግብ አለ። በላዩ ባክቴሪያ ይቀባል፤ ሲያድር ይራባና ሳህኗ በሙሉ ደመና ትለብሳለች። ቀድሞ መድኃኒት የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ከተቀመጠችበትና መድኃኒቱ የሚገድል ከሆነ፣ በወረቀቷ ዙሪያ ደመናው ዝር አይልም፤ ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። ኦሎምፒያ አጠገብ፣ ከሥሩ የሞባይል ሱቅ ከላዩ የጉዞ ወኪል ባለበት ፎቅ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ነጭ ጋውን ለብሰው ሲንጎራደዱ የሚውሉት ይህቺን ክብ ፍለጋ ነው።

ሳህኗ ላይ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። ውሃ ብቻ የነካት ዙሪያዋን ደመና ውጧታል፤ የሚጠበቅ ነው። ቴትራሳይክሊን የተነከረችው ክቧን ሠርታለች፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ቴትራሳይክሊንን የማያውቅ የለም። ድሮ ከየቤቱ መሳቢያ የማይጠፋ፣ ሰው ሁሉ እንክብሉን ፈልቀቅ እያደረገ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይነሰንሰው የነበረ መድኃኒት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ማንንም አያድንም። እዚያ ሥራው መለኪያ መሆን ነው፤ አዲስ የመጣ ቅጠልና ሥር ሁሉ ከጎኑ ተሰልፎ ይለካል። ሦስተኛዋ ወረቀት ላይ ያለው የአቶ ገብረእዝጊ ዱቄት ነበር፤ አቶ ገብረእዝጊ የዮሃና አባት ናቸው። የእሳቸው ክብና የቴትራሳይክሊኑ ክብ ቁርጥ መንትያ።

«ዮሂ!» አለ ሀሩን፣ ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ። ሀሩን የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ዝም ማለት የማይችል፣ እጁ ግን የማይሳሳት ልጅ። «አንቺ፣ ይሄ እኮ ሲሪየስ ነገር ነው! ፋዘር ጨረሱት! የምርምር ፔፐሩ ወጣ በቃ።»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለው?»

«ቆይ አልኩህ ሀሩን!»

ማን ይቆያታል። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለኃላፊያቸው ለዶክተር አስፋው ልኮታል። ዶክተር አስፋው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው ደስታ ሲሰሙ አፋቸው ከእግራቸው ቀድሞ መሮጡ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለሁለት ድርጅቶች ደውለው፣ ከአገራችን ሥር የተገኘ የቁስል መድኃኒት ኑና እዩ ብለዋል።

ዮሃና ምሳዋን ገፋ አድርጋ ተወችው። ተወቅጦ የተነፋ ሥር እንዲህ ያለ ክብ አይሠራም። አፈሩ አለ፣ ገለባው አለ፤ ቢሠራ ቢሠራ ጠበብ ያለ፣ ዳሩ የደበዘዘ ክብ ነው የሚሠራው። ይህ ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ይህን ክብ በሥራዋ ዘመን በየቀኑ ስታየው ኖራለች። የአባቷ አይደለም።

አቶ ገብረእዝጊ ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትበርህ ሲያርፉ ሱቁን ዘግተው የካ አባዶ፣ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። ዱቄቱን የወረሱት ከአባታቸው ነው። ሥሩን ከሽሬ በኩል ዘመድ ያመጣላቸዋል፤ ራሳቸው ወቅጠው፣ ራሳቸው ነፍተው፣ ቁስል ላለበት ጎረቤት ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። መድኃኒት የሸጠ ሰው እጁ ይደርቃል ብለው ያምናሉ። የሚኮሩት ግን በመድኃኒቱ አልነበረም። ሚስማር ሲመዝኑ በኖሩበት ዘመን አንድ ሰው እንኳ አታለሉኝ ብሎ ተመልሶ አለመምጣቱ ነው ኩራታቸው። ይህን ለማያውቃቸው ሰው በተዋወቁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይነግሩታል። ልጃቸው በዚህ ታፍርባቸዋለች፤ ታምንበታለችም።

አሁን ትልቁ ታካሚያቸው ወይዘሮ የሺአረግ ናቸው፤ ከሕንፃው ምድር ቤት ሽንኩርትና ቅመማ ቅመም የሚቸረችሩት ጎረቤት። ስኳር አለባቸው። ባለፈው የግራ እግራቸው ጣት ቆስሎ ሐኪም ቤት ቢሄዱ፣ ጣቱ መቆረጥ አለበት ተባሉ። ካርዳቸውን በቦርሳቸው ይዘው እንደወጡ አልተመለሱም። አቶ ገብረእዝጊ በየጠዋቱ ወርደው ቁስሉን በፈላ ውሃና በጨው ያጥቡላቸዋል፣ ዱቄቱን ይነሰንሱላቸዋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያስሩላቸዋል። ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ። ዮሃና ራሷ አይታዋለች። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላ ስትጨቀጭቃቸው የነበረችው እሷ፣ ዱቄቱን በወረቀት ቋጥራ ወደ ላብራቶሪ የወሰደችው ያን ካየች በኋላ ነው። ሰሞኑን ግን እግሩ እንደገና ቀላ፣ አበጥ አለ። ወይዘሮ የሺአረግ ብርድ ነው ይላሉ።

ከሰዓት ዮሃና ሀሩንን ጠራችው።

«ጎረምሳውን አምጣልኝ።»

ጎረምሳው የሚሉት በላብራቶሪው የሚያረቡትን አንድ የባክቴሪያ ዘር ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሀሩን ነው። ጠዋት ሳህኗ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወንድም ነው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ፤ ለምርምር ሲባል ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ባሕርይ ተሰጥቶታል። ምግቡ ውስጥ ሁልጊዜ ቴትራሳይክሊን ይጨመራል፤ ባሕርይውን የጣለ ይሞታል፣ ከውጭ ሾልኮ የገባ ይሞታል፣ ጎረምሳው ብቻ እየበላ ይኖራል። እንግዲህ የአባቷ ሥር በራሱ ኃይል የሚገድል ከሆነ ጎረምሳውንም መግደል አለበት። ካልገደለው ግን ዱቄቱ ውስጥ ያለው ቴትራሳይክሊን ነው።

«አባትሽን ጠረጠርሻቸው?» አለ ሀሩን፣ ሳቁን ገታ አድርጎ።

«ሥራህን ሥራ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳህኗ ዳር እስከ ዳር ደመና ነበረች። በቴትራሳይክሊኑ ዙሪያ ክብ የለም። በአባቷ ዱቄት ዙሪያም ክብ የለም። ሀሩን ጓንቱን አውልቆ እንደገና አጠለቀ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቴትራሳይክሊን ራሱን የሚያጋልጥበት ጠባይ አለው፤ ሱቆች ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ወይን ጠጅ መብራት ሥር ቢጫ ሆኖ ያበራል። የላብራቶሪው መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ዕቃ ግዢ ይመጣል ይመጣል ሲል ከርሟል። ሀሩን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወርዶ ከሞባይል ሱቁ ባለቤት መብራቱን ተዋሰ። መጋረጃውን ዘጉ። ዮሃና ከአባቷ ዱቄት በብልቃጥ ክዳን ላይ ጥቂት ዘርግታ መብራቱን አስጠጋችው። በቡናማው ዱቄት መሀል ቢጫ ነጠብጣቦች ቦግ ቦግ አሉ።

«ምናልባት ሥሩ ራሱ…» አለ ሀሩን።

«ዝም በል» አለችው። ከዚያ ደግሞ አሳዘናትና፣ «ይቅርታ። ለዶክተር እስከ ነገ ምንም አትንገር» አለችው።

ሥራዋን ጥላ ወጣች። መገናኛ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ እባብ ሆኖ ተጠማዟል። ተሰለፈች፣ ተነጫነጨች፣ ከሰልፉ ወጥታ በእግር ልትሄድ አሰበች፣ ተመልሳ ተሰለፈች። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትከፍት፣ ከኋላ ብርድ ገባ ተባለች፤ ስትዘጋ ታፈንን ተባለች። በልቧ ከአባቷ ጋር ስትከራከር መጣች። እሳቸው በልቧ ውስጥ እንኳ አልዋሽም ይሉ ነበር። እሷ ደግሞ ዓይኗን ማመን ነው ሥራዋ።

አቶ ገብረእዝጊ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። በጊዜ መምጣቷን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«ጓለይ፣ ደህና ነሽ? እንዴት ሆነ? ወደዱት?»

«አቦይ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምንድን ነው የሚጨምሩት?»

«ሥሩን ነዋ። ሌላ ምን አለው?»

«ቴትራሳይክሊን።»

«ያ… እንክብሉ?»

«አዎ፣ እንክብሉ! ከፋርማሲ የሚገዛው! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እንዳይክዱኝ። ዶክተር አስፋው እንግዳ ጠርተዋል፤ እኔ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? እሱስ ይሁን። እትዬ የሺ ሐኪም ቤት የቀሩት እርስዎን አምነው ነው። እግራቸው እየበሰበሰ እርስዎ ያታልሏቸዋል!»

ቃሉ ከአፏ ወጣ። አቶ ገብረእዝጊ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሬዲዮውን ዘጉ። እንደ ወትሮው «ጓለይ»፣ ልጄ፣ አላሏትም።

«ዮሃና፤ እኔ ሰው አታለልኩ?»

መልስ አልጠበቁም። ወደ መኝታ ቤታቸው ገብተው አንድ ነጭ የላስቲክ ዕቃና አንድ ያረጀ የቆዳ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

«ያለኝ ይኸው ነው። በከረጢቱ የወቀጥኩት አለ፤ ከእሱ እየቀነስኩ በዚህ ዕቃ አድርጌ ነው የምጠቀመው። መኝታ ቤቴንም ፈትሺ። ፍራሹንም ገልብጪ። ከዚያ አታላይ ትይኛለሽ።»

ዮሃና ከረጢቱን አልነካችውም። ዓይኗ ነጩ ዕቃ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቀይ ክዳን ያለው፣ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው የቀረ፣ ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ። አንስታ ገለበጠችው። ከሥሩ በማይለቅ ቀለም የተጻፈ የላብራቶሪ ቁጥር ነበር። ጽሕፈቱ የራሷ ነው።

«ይሄ… እኔ ያመጣሁልዎት አይደለም?»

«አንቺ ነሻ። በክረምት ዱቄቱ ርጥበት ገብቶት ሲቋጠርብኝ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ አምጪልኝ ብዬሽ።»

እውነት ነው፤ አምጥታለች። ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን ተወግዶ ባዶው ዕቃ ወደሚቃጠለው ክምር ሲሄድ፣ እንዲህ ያለ ደህና ዕቃ እንዴት ይቃጠላል ብላ በፌስታል አድርጋ አመጣችው። በላብራቶሪው የማያደርገው የለም፤ የግማሹ ሠራተኛ ሽሮና ምጥን በእንዲህ ያለ ዕቃ ነው ያለው። ቤት ሲገባ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ያበቃል። እናቷ ቢኖሩ ከእጇ ነጥቀው ያጥቡት ነበር።

«ሲጠቀሙበት አጠቡት?»

አቶ ገብረእዝጊ ቤንዚን ይጠጣሉ ወይ ብላ የጠየቀቻቸው ያህል አዩዋት።

«ውሃ? የመድኃኒት ዕቃ በውሃ?»

«አላጠቡትም?»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? መድኃኒት የሚገባበት ዕቃ ውሃ ከነካው አለቀለት። በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። የአባቴ ከረጢት እሳቸው እስኪሞቱ ውሃ አላየም፤ ይኸው እኔም አላሳየሁትም። ያንቺንም በጨርቅ ወለወልኩት። ከታች የተጋገረ ቢጫ ነገር ነበረው፤ አልለቅ ሲለኝ የዕቃው ቀለም ነው ብዬ ተውኩት።»

ዮሃና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመው። አንዱ እጥበትን የሚያክል ነገር ማን ይረሳዋል ብሎ አምኖ፣ ሌላው ማን እንዲህ ያለ ድፍረት ያደርጋል ብሎ አምኖ፣ አንድ ቤት ውስጥ በሰላም ሲኖሩ ነበር። ከወንበሩ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ይቅር ይበሉኝ አቦይ። የእኔ ጥፋት ነው። ዕቃው ነው፤ የእኔ ዕቃ ነው።»

ነገሩን እስክታስረዳቸው ጥቂት ቆየ። ሲገባቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ አላታለልኩም።»

«አላታለሉም።»

«ለዚያ ዶክተርም ንገሪው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሌባ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ፣ ገና ቅያሜው ሳይወጣላቸው። «ሌባ እንኳ በሩን ሰብሮ ነው የሚገባው። አታላይ ግን ስቀው የከፈቱለትን ነው። በይ ተነሺ፣ ተነሺ።» ከረጢቱን ፈትተው በወረቀት ቋጠሩላት። «ይሄ ያንቺን ዕቃ አልነካም። ንጹሑን ፈትሹት። ያኔ ኃይሉን ታዩታላችሁ።»

እንደ ሕፃን ልጅ ተደሰቱ። ዮሃና ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። የደስታቸውን ያህል ፈራች። እስካሁን ባክቴሪያውን ማን ሲገድለው እንደነበር አሁን ታውቃለች፤ ይህ ቋጠሮ ግን ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

በማግስቱ ላብራቶሪ ውስጥ እሷና ሀሩን ከቋጠሮው በውሃ ዘፈዘፉ፣ በአልኮል ዘፈዘፉ፣ አወፍረው ሞከሩ፣ አቅጥነው ሞከሩ። ሁለቱም ወንድማማቾች ላይ፣ ከቁስል በተገኙ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ላይ። ከጎኑ እንደ ወትሮው ቴትራሳይክሊኑ አለ። ዶክተር አስፋው እውነቱን ሲሰሙ ትንሽ ቀሉ፤ ከዚያ ያለ ምንም ወቀሳ እንግዶቹ ጋ ደውለው ቀጠሮውን ሰረዙ። ዮሃና ማሞቂያው ሳጥን አጠገብ ተቀምጣ አትነሳም፤ ብትነሳም ተመልሳ ትመጣለች። ሀሩን ሳጥኑን ያለ ጊዜው ከከፈትሽው ውስጡ ከትቼ እዘጋብሻለሁ እያለ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ሳህኖቹ ሲወጡ የቴትራሳይክሊኑ ክብ እንደ ልማዱ ጥርት ብሏል። በአባቷ ሥር ዙሪያ ደመናው ወረቀቱን ነክቶ፣ አልፎ፣ ሸፍኖታል። በሁሉም ሳህን። ሀሩን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ብርሃን ያዞራቸው ነበር፤ የመጨረሻውን ሳያይ አስቀመጠው።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ጓለይ፣ የሺ ብርድ ብርድ ብሏታል። እግሯ ሞቋል። አዲሱን ዱቄት ጨመርኩላት፣ ግን… ያንቺ ነገር እንዴት ሆነ?»

«መጣሁ አቦይ። ምንም አይጨምሩ፤ መጣሁ።»

ራይድ ጠርታ ሄደች። አቶ ገብረእዝጊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ለእንግዳ ወሬ የለበሱ ይመስሉ ነበር። ይህን ስታይ አንጀቷን በሏት።

«እሺ?»

«ማንንም አለማታለልዎን ሁሉም አውቋል።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ሥሩስ?»

ለአባት መዋሸት አይከብድም። ትንሽ ይሠራል፣ ገና ይጠናል፣ ጊዜ ይፈልጋል ብላ ልታልፍ ትችል ነበር። ከታች ግን ወይዘሮ የሺአረግ በትኩሳት ተኝተዋል።

«አይሠራም አቦይ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«ስንት ጊዜ ሞከራችሁት?»

«እስኪታክተን።»

አቶ ገብረእዝጊ ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። «አባቴ እኮ…» ብለው አልጨረሱትም። ከዚያ፣ «ታዲያ የሺን ማን አዳናት?» አሉ።

«አልዳኑም። የእኔ ዕቃ ውስጥ የነበረው ቴትራሳይክሊን አግዟቸዋል። በየጠዋቱ ደግሞ እርስዎ ያጥቧቸው ነበር፤ ሐኪምም ቢሆን ያን ያህል አያጥብም። አሁን ዕቃው ውስጥ የነበረው አልቋል። ቁስሉ ወደ አጥንት ገብቶ ይሆናል። ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄዱ ጣት ብቻ አይደለም የሚያጡት፤ እግራቸውንም፣ ሕይወታቸውንም።»

እሳቸው ደረጃውን መውረድ ጀምረዋል። «እኔ ልንገራቸው» ብትል፣ «የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሏት።

ወይዘሮ የሺአረግ ሶፋቸው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል። ቤቱ ሸቷል። አቶ ገብረእዝጊን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ።

«መጡልኝ ጋሼ? ዛሬ ደህና አድርገው ይነስንሱልኝ፣ ነዝንዞኛል።»

«የሺ፣ ዱቄቱ አይረባም። ላብራቶሪ ታየ፤ ምንም አይሠራም። ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ወይዘሮ የሺአረግ በትኩሳታቸው ውስጥ ሳቁ። «ላብራቶሪ ምን ያውቃል? እኔ ራሴ እግሬ አይደል የዳነው!»

ዮሃና ገብታ የዕቃውን ነገር ከሀ እስከ ፐ አስረዳቻቸው። በጥሞና ሰሟት።

«እንግዲያ ምን ቸገረን፤ ያን ዕቃ ሌላ አምጪላቸዋ!»

«እትዬ የሺ፣ ቁስሉ ከዚያ አልፏል፤ በመርፌ…»

«ልጄ፣ እኔ ስለ ዕቃ አላውቅም። ጋሼ ገብረእዝጊ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው አድኛለሁ። አይረባም ማለታቸውም ትሕትናቸው ነው። ሐኪም ቤት ብሄድ ይቆርጡኛል። አልሄድም። እሳቸው እያሉልኝ የት እሄዳለሁ?» ብለው የአቶ ገብረእዝጊን እጅ ይዘው ሳሙት።

አቶ ገብረእዝጊ የተሳመ እጃቸውን አዩት። አይረባም ባሉ ቁጥር የበለጠ እየታመኑ ነው። ዮሃና ከአምቡላንስ ሌላ ምን አለ ብላ ስልኳን ስትፈልግ፣ አባቷ ድምፃቸውን አጠንክረው ተናገሩ።

«አታለልኩሽ የሺ።»

«ምን አሉ?»

«አታለልኩሽ። ሥር የሚባል ነገር የለም። ቴትራሳይክሊን ከፋርማሲ እየገዛሁ፣ ፈጭቼ ከአፈር ጋር እየቀላቀልኩ ነው የሰጠሁሽ። ሰው ባለ መድኃኒት እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ልጄ ደርሳብኝ ነው፤ ይሄን የዕቃ ወሬ ያመጣችው ልትሸፍንልኝ ነው።»

«አቦይ!» አለች ዮሃና።

«ስቕ በሊ» ብለው በትግርኛ ዝም አሰኟት፣ ሳይዞሩ።

የወይዘሮ የሺአረግ ፊት ተለወጠ። «አላምንም። እስቲ ይማሉ!»

አቶ ገብረእዝጊ በውሸት አይደለም፣ በእውነት እንኳ ምለው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«የትበርህ አጥንት ይውጋኝ» አሉ።

ዮሃና የእናቷን ስም ስትሰማ በሩን ተደግፋ ቆመች። ወይዘሮ የሺአረግ ወይዘሮ ትበርህን ያውቋቸዋል፤ አልቅሰው ቀብረዋቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። የያዙትን እጅ ለቀቁት።

«ውጣ» አሉ። «ውጣልኝ ከቤቴ! አንተን ብዬ እግሬን… ውጣ! ዮሃና፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ጩኸቱን ሰምተው በር ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ለአቶ ገብረእዝጊ መንገድ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ በረንዳው ጥግ ቆመው፣ ወይዘሮ የሺአረግ በዮሃናና በአንዲት ጎረቤት ተደግፈው መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ተመለከቱ። ሹፌሩን፣ «ቀስ እያልክ፣ ጉድጓድ አለ፤ እግሯን ታማለች» አሉት። ከሴቶቹ አንዷ፣ «አያፍርም ደግሞ!» አለቻቸው።

ሐኪሞቹ ሁለት ጣት ቆረጡ። እግሩ ተረፈ። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ሐኪሙ ንግግሩን ሳይጨርስ ሄደ፤ ዮሃና እንዲጨርስላት አልፈለገችም።

ያን ዕለት ከሆስፒታል ስትመለስ እውነቱን ለጎረቤቱ ሁሉ እነግራለሁ ብላ ተነሳች። አባቷ በር ላይ ቆሙባት።

«ቁስሏ ሳይድን ትነግሪያትና መድኃኒቷን ጥላ እኔ ጋ ትምጣ? እስክትድን አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም።»

«ከዳኑ በኋላስ?»

«ስኳሩ መች ይድናል? ነገ ሌላው ጣት ቢቆስልስ?»

«አቦይ፣ ሰፈሩ ሁሉ አታላይ ነው የሚልዎት እኮ! በእናቴ አጥንት…»

«ለትበርህ እኔ እነግራታለሁ» አሉ።

ሳምንታት አለፉ። ከሕንፃው ሥር አቶ ገብረእዝጊ እንደምን አደራችሁ ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። በማግስቱም እንደምን አደራችሁ ይላሉ። ዮሃና ከጎናቸው ስትሄድ ደሟ ይፈላል፤ አንዱን አንቃ ልትነግረው ያምራታል። እጇን ጠበቅ ያደርጉታል።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ የሺአረግ ተመልሰው ሽንኩርታቸው ፊት ተቀምጠው ነበር። አቶ ገብረእዝጊን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወደ ጎንም እንትፍ አሉ። ዮሃና ቆመች። በቃ፣ አሁንስ አበቃ ብላ ወደ እሳቸው ልትሄድ ስትል አባቷ ክንዷን ያዙ። ፊታቸው ላይ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያላየችው ደስታ ነበር።

«እግሯን እዪ» አሉ በሹክሹክታ። «አየሽ? ሁለቱንም ጫማ አድርጋለች።»